ማን ይዞህ መጣ?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ሀዋሳ ለጤና ተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች ስለ አካል ጉዳተኞች ሕክምና ንግግር አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ጽሑፉን ላክልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጽሑፍ እንኳን አልነበረኝም፣ በእጄ የነበረው ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ያልኩትን እያስታወስኩ ጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ ያላልኩትንም ጨምሬ ይሆናል፣ ይቅር በሉኝ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ዊልቸር ላይ ነኝ፣ መድረኩ ደግሞ አራት ደረጃ ስለነበረው የተናገርኩት ከታች ሆኜ ነው። አዘጋጆቹ አፈሩ። «ተሸክመን እናውጣህ» አሉኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ስለ ደረጃ ሊያወራ የመጣ ሰው ተሸክመውት ደረጃ ሲወጣ አያምርም።

እንደምን አደራችሁ።

ሐኪም አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ እግሮቼ አይሠሩም። መጀመሪያ በክራንች ነበር የምሄደው፣ በኋላ ትከሻዬ እምቢ ሲለኝ ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ሕክምና የማውቀው እንግዲህ ከታካሚ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው። ወንበሩን ደግሞ ራሴ ይዤ ነው የምመጣው።

እኔ ጤና ተቋም በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምጠየቀው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ምንህን ነው ያመመህ?» እንዳይመስላችሁ። «ማን ይዞህ መጣ?» ነው የሚሉኝ። ጥበቃው ይጠይቀኛል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትጠይቀኛለች። ዶክተሩም ቀና ሲል ዓይኑ እኔን አልፎ ከኋላዬ ሰው ይፈልጋል። ወንድሜ አብሮኝ ካለማ በቃ፣ ወሬው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። «መቼ ጀመረው? ምግብ ይበላል? እንቅልፍስ?» እዚያው ፊቱ ተቀምጫለሁ እኮ! ያልሠራው እግሬ ነው፣ አፌ ደህና ነው።

ዛሬ ስለዚህች ጥያቄ ነው የማወራው። ሰዎቹ በክፋት እንደማይጠይቋት አውቃለሁ። እንዲያውም አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ አዝነው ነው። ግን ጥያቄዋ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ትናገራለች። አካል ጉዳተኛ ብቻውን ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ደረጃው፣ መስኮቱ፣ አልጋው፣ ወረፋው፣ ሽንት ቤቱ፣ ሁሉም አብሮት የሚሸከመው፣ የሚያነብለት፣ የሚሰማለት ሰው እንዳለ ቆጥሮ ነው የተሠራው። ሰው ከሌለህ ሕክምናም የለህም ማለት ነው።

መስከረም ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ትኩሳት ያዘኝ። ሀዋሳ ውስጥ በዚያ ወቅት ትኩሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፣ ሐይቅ ዳር ተኝተን ሌላ ምን እንጠርጥር። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር፣ እሱን ማስፈቀድ አልፈለግኩም። ብቻዬን ልሂድ አልኩ። የጤና ተቋሙን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም አይጠቅማችሁም፣ ሌላውም ያው ነው።

በነገራችን ላይ ሀዋሳ ለዊልቸር የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ናት። ታቦር ተራራ ልውጣ ካላልክ በቀር ዳገት አያስቸግርህም። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ ይቀኑብኛል። ኮብልስቶኑ ጥርስ ያንቀጫቅጫል እንጂ መሄዱስ ይኬዳል፣ ፍቅር ሐይቅ ድረስ በራሴ እጅ እየገፋሁ ስንት ቀን ሄጃለሁ። ችግሩ የሚጀምረው መንገዱ አልቆ በሩ ሲጀምር ነው። ያን ቀን ግን ትኩሳቱ ስለበረታብኝ ባጃጅ ፈለግኩ። ሁለቱ እያዩኝ አለፉኝ። ሦስተኛው ቆመ፣ ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ በገመድ አሰረልኝ፣ ኮንትራት አስከፈለኝ። አልፈርድበትም፣ ጊዜ ወስዶበታል።

በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ጥበቃው «ማን ይዞህ መጣ?» አለኝ። «ብቻዬን ነኝ» አልኩት። ግራ ገባው። ከዚያ ሌላ ሰው ጠርቶ ከነዊልቸሬ እንደ ጤፍ ኩንታል አነሱኝ። አንደኛው በያዘኝ በኩል ቀበቶዬ ተላቀቀ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነው የገባሁት። ካርድ ክፍል ደግሞ መስኮቱ ከጭንቅላቴ በላይ ነው። ከታች ሆኜ የሚታየኝ የልጅቷ እጅና የጣራው መብራት ብቻ ነው። ስሜን ሦስት ጊዜ ጮኬ ተናገርኩ፣ እድሜዬን ጮኬ ተናገርኩ፣ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እድሜዬን አወቀ።

ቀጥሎ ሚዛን። ሚዛኑ የሚቆሙበት ነው። ልጁ አየኝ፣ ሚዛኑን አየ፣ እንደገና አየኝና «ኪሎህ ስንት ይሆናል?» አለኝ። «አላውቅም፣ ተመዝኜ አላውቅም» አልኩት። «እሺ፣ በግምት 60» ብሎ ጻፈ። እኔ መሥሪያ ቤት በግምት 60 ብዬ ብጽፍ ኦዲተር መጥቶ ያንቀኛል። እናንተ ደግሞ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፣ ስንት መድኃኒት አለ በኪሎ የሚሰላ።

ዶክተሩ ደህና ሰው ነበር። የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘ። ደሙ ቀላል ነው፣ ጣት ነው የሚወጋው። ከዚያ ላብራቶሪ ያለችው ልጅ ትንሿን የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና «ሽንት ቤት በዚያ በኩል ነው» አለችኝ። ሄድኩ። የኔ ዊልቸር ወርዱ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። የሽንት ቤቱ በር ከዚያ ይጠብባል። ቢሰፋስ? ውስጡ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ዕቃዋን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ያልፋል። አንዱ «ወንድም፣ ልትገባ ነው?» ይለኛል። ትኩሳት አለብኝ፣ ላብ አለብኝ፣ ሽንቴም መጥቷል። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ዕቃዋን እዚያው መስኮት ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር።

በእድሜ እናቴ የምትሆን የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። «ምን ላድርግልህ ልጄ?» አለችኝ። ዕቃዋን አሳየኋት። ምንም አላለችም። የመወልወያ ዕቃ የምታስቀምጥበትን ክፍል ከፈተች፣ ባልዲዎቹን አወጣች፣ እኔን አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከውጭ ቆመች። ሰው ሲመጣ «ቆይ፣ እየሠራሁ ነው» ስትል ይሰማኛል። ያን ቀን ማን እንዳመጣኝ ያልጠየቀችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ውጤቱ ወባ አልነበረም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ዶክተሩ «ውሃ በደንብ አትጠጣም እንዴ?» አለኝ። አልጠጣም። እውነቱን ነው። ከቤት የምወጣ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም፣ ምክንያቱም ውጭ የምገባበት ሽንት ቤት የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እንግዲህ ተመልከቱት። ያሳመመኝ ሽንት ቤት ነው። መታመሜን ለማወቅ ስሄድ ደግሞ ያቆመኝ ሽንት ቤት ነው።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜያችሁን አላባክንም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ፣ በእኛ 2015 ኅዳር ማለት ነው፣ ትልቅ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰው ከባድ የአካል ጉዳት አለበት ይላል፣ ከ6 ሰው 1 ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከሌላው ሰው እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ሃያ ዓመት! የሚገድላቸው ደግሞ ጉዳቱ ራሱ ብቻ አይደለም፣ በአብዛኛው ሊቀር የሚችል ነገር ነው ይላል ሪፖርቱ። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ ያቺ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ተመልሼ ቢሆን ኖሮስ? ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ድረስ ቢወጣስ? የሞቴ ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው የበሩ ወርድ አይሆንም ነበር፣ የኩላሊት በሽታ ነው የሚባለው።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያለሁ፣ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። አንድ ሰው ከሸበዲኖ አካባቢ ሀዋሳ ድረስ ሊታከም መጣ እንበል። ማየት የተሳነው ነው። ወንድሙ ይመራዋል። የመኪና ሁለት ሰው፣ ምሳ ሁለት ሰው፣ ባጃጅ ሁለት ሰው። ወንድሙ ያን ቀን ማሳ ላይ አይውልም። ቢውል የሚያገኘውንም ጨምሩበት። ከሰዓት በኋላ «ላብራቶሪው ተዘግቷል፣ ነገ ተመለሱ» ሲባሉ ሁሉንም በሁለት አባዙት። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ጥሩ ነገር ነው የመጣው፣ አሁንም ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ደብተሩ አለኝ። ግን ደብተሩ የባጃጅ አይከፍልም። የወንድምን የሥራ ቀን አይከፍልም። እና ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? «እስኪ ትንሽ እንየው፣ ይሻለው ይሆናል» ይላል። እያየው ይከርማል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብና ስለ ደረጃ ነው። ከዚህ የባሰ አለ።

አንዲት ማየት የተሳናት ጓደኛ አለችኝ። አስተማሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እርግዝና ጠርጥራ ልትመረመር ሄደች። ሰው ስላልነበራት የጎረቤት ልጅ ይዛት ሄደች። ውጤቱ ሲመጣ ባለሙያዋ ወረቀቱን ለማን ሰጠች? ለጎረቤቷ ልጅ። «ነፍሰ ጡር ናት በያት» አለቻት። በያት! ጓደኛዬ በመካከላቸው ተቀምጣለች እኮ። «ነፍሰ ጡር መሆኔን ከኔ በፊት ጎረቤቴ አወቀች፣ ከባሌ በፊት ደግሞ ሰፈሩ አወቀ» ትላለች። አሁን እየሳቀች ነው የምታወራው። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ነገሩ የኤች አይ ቪ ውጤት ቢሆንስ ኖሮ?

ሌላው መስማት የተሳነው ወጣት ነው። እናቱ ናት የምታስተረጉምለት። እናቱ የምልክት ቋንቋ አልተማረችም፣ ቤት ውስጥ የሚግባቡበት የራሳቸው ምልክት አላቸው፣ «ብላ»፣ «ና»፣ «ያምሃል?» ዓይነት። ልጁ በዚያ በኩል የሚያቃጥል ነገር ነበረበት፣ ገብቷችኋል። ሐኪሙ በእናቱ በኩል «የግብረ ሥጋ ግንኙነት ታደርጋለህ?» ብሎ ጠየቀው። እናትየዋ ጥያቄውን እንኳን አላስተላለፈችውም። «ኧረ እሱ ምስኪን ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቅም» አለች። ልጁ ደግሞ በሚገባ ያውቃል። የማይገናኝ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ስልኩ ላይ በጽሑፍ። ልብ በሉ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላል! ሐኪሙ ወረቀት ላይ ቢጽፍለት ወይም ስልኩን ቢሰጠው በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ ረዳት ሁልጊዜ ረዳት አይደለም። አንዳንዴ ረዳቱ ራሱ በር ላይ የቆመ ደረጃ ነው።

ስለ ሴቶች ትንሽ ልበል፣ ሲሆን ሲሆን እነሱ ራሳቸው ቢያወሩት ነበር የሚሻለው። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፣ ቅድመ ወሊድ ክትትሉም ነጻ ነው። ግን ነጻ የሆነው አልጋ ላይ መውጣት ላልቻለች ሴት ምኑ ነው ነጻ? የማዋለጃውን አልጋ ከፍታ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ንግግሩ አለ። «አንቺን ደግሞ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» የተባሉ ሴቶች አውቃለሁ፣ አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም። ምጥ ላይ ሆነው። ከነጩ ጋዋን ውስጥ ነው ቃሉ የወጣው። አንዷ «ሁለተኛውን ቤቴ ወለድኩት» አለችኝ። ለምን አልኳትና አፈርኩ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕግስ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍና መልሶ ለማቋቋም በጀት ይመድባል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ስለ ጤና ብቻ ነው የሚያወራው። ለሌላው ሰው የሚሰጠው ሕክምና ለአካል ጉዳተኛውም በዚያው ጥራት ይሰጠው ይላል፣ በሚኖርበት አካባቢ ይቅረብለት ይላል፣ ፈቃዱን ራሱ አውቆ ይስጥ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው፣ ሽንት ቤትም ይዘጋጅለት ይላል። ሽንት ቤት የሚለው አዋጁ ውስጥ አለ። እኔ ፈጥሬው አይደለም።

አዋጁን አክብረናል የሚሉም አሉ። ኑና ራምፓቸውን፣ በደረጃ ፈንታ ለዊልቸር የሚሠራውን ተዳፋት መንገድ ማለቴ ነው፣ እዩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ለ12 ይባላል። ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 48 ሳንቲ ሜትር ነው። በ12 ስታባዙት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ለዚያው ለሦስት ደረጃ 2 ሜትር ራምፕ ሠርተውልናል፣ በሜትር ለክቼዋለሁ። ይሄ ሸርተቴ ነው፣ ልጆች ቢጫወቱበት ይሻላል። ለመውጣት ሁለት ሰው ይገፋሃል፣ ለመውረድ ደግሞ ጸሎት ያስፈልግሃል። ከላይ የሚደርሰው ደግሞ የተቆለፈ በር ላይ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን «የሪፖርት ራምፕ» ነው የምለው፣ ሪፖርቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ደግሞ ሁሉም ነገር ራምፕ የሚመስላቸው አሉ። የዊልቸር ሰው ስለሆንኩ እኔም ይህን ስህተት እሠራለሁ። መስማት ለተሳነው ሰው ራምፕ ምኑ ነው? እሱ እንደ ልቡ ገብቶ ወረፋው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ስሙ ይጠራል፣ አይሰማም፣ ይታለፋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ «ያልቀረበ ታካሚ» ተብሎ ካርዱ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት አለች፣ ልጁ ጫጫታውን አይችልም፣ ይጮሃል፣ ሰው ይገላምጣታል፣ ሁለተኛ አታመጣውም። እነዚህ በር ላይ ስለማይታዩ «እኛ ጋ አካል ጉዳተኛ አይመጣም» ይባላል።

«አይመጣም» የሚለውን ደግሞ እወደዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ላይ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተቆጠረው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። ዓለም ላይ ከ6 ሰው 1 ከሆነ እኛ አገር ምን ተአምር ተገኝቶ ነው? ተአምሩ አጠያየቁ ላይ ነው። «እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብለህ ስትጠይቅ ሰው «ኧረ የለም፣ እግዜር ይመስገን» ይልሃል፣ ጓዳ ውስጥ ልጅ ተቀምጦ። አሁን በብዙ አገር የሚሠራበት ስድስት ጥያቄ አለ፣ የዋሽንግተን ግሩፕ ጥያቄዎች ይባላሉ። አካል ጉዳት የሚል ቃል እንኳን የለባቸውም። መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? ለማስታወስ ወይም ልብ ብሎ ለመከታተል? ራስዎን ለመታጠብና ለመልበስ? ከሰው ጋር ለመግባባት? መልሱ ምንም፣ ትንሽ፣ በጣም፣ ጭራሽ አልችልም ነው። በቃ። ካርድ ክፍል ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «በጣም» ወይም «ጭራሽ አልችልም» ያለውን ሰው ካርዱ ላይ ምልክት አድርጉበት። ያኔ ስም የምትጠራው ልጅ ይህ ሰው እንደማይሰማ አውቃ ተነሥታ ትከሻውን ትነካዋለች።

አሁን «ምን እናድርግ?» ልትሉኝ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውን ለሚኒስትሮች እተወዋለሁ። እናንተ ሰኞ ልታደርጉት የምትችሉትን ብቻ ልናገር። ካሏችሁ አልጋዎች አንዱን ዝቅ አድርጉት፣ የዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ አልጋውም እዚያ ቢደርስ ራሴን ገፍቼ እሻገራለሁ፣ ማንም አይሸከመኝም። ከሽንት ቤቶቹ የአንዱን በር አስፉና መያዣ ብረት ግድግዳው ላይ ምቱበት። ማየት ለተሳናት ሴት መድኃኒት ስትሰጡ ጠዋት የሚወሰደው ብልቃጥ ላይ አንድ ላስቲክ፣ ማታ የሚወሰደው ላይ ሁለት ላስቲክ አስሩላት፣ ራሷን አስነኳት፣ ለሰው አትንገሩ። የምልክት ቋንቋ አንድ ሠራተኛ እንኳን ቢማር፣ ያ ሠራተኛ የሌለ ቀን ደግሞ ስልክ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ወረቀት አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚህ ካላችሁ ደግሞ ለእናንተ ልዩ ጥያቄ አለኝ። በየቤቱ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ጓዳ ውስጥ ማን እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ስታስተምሩ ክራንች ይዛ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ዘላችሁ ለምን እህቷን ብቻ ታስተምራላችሁ? እሷን የሚያገባት የለም ብላችሁ ነው? አታውቁም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጀመረ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያለው ነገር ጥሩ ስለነበር እሱንም ልጻፍላችሁ።

«ጋሼ» አለኝ (ለጋሼነት እንኳን ገና ነኝ)፣ «እኛ አገር ማንም ብቻውን አይታከምም። ጤነኛውም ሰው ቢሆን ሲታመም ጎረቤት ይከተለዋል፣ ዕድሩ ይጠይቀዋል። ብቻዬን ልምጣ ማለት የፈረንጅ ነገር አይሆንም?»

ትንሽ አሰብኩ። እውነት አለው። እኔም አልጋ ይዤ ተኝቼ ወንድሜ፣ አክስቴ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሲመጡ ደስ ይለኛል። የማይለው ማን ነው? ግን አንተ ስትታመም ጓደኛህ አብሮህ ይመጣል፣ ዶክተሩ ጋ ስትገባ ግን እሱ ኮሪደር ላይ ይጠብቅሃል። ስለ ምን እንዳወራችሁ ከፈለግክ ትነግረዋለህ፣ ካልፈለግክ ደግሞ «ደህና ነው» ብለህ ታልፈዋለህ። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ወንድሜ ስለሚወደኝ ይምጣ። ደረጃው ስላዘዘው አይምጣ። ሥራ ያለበት ቀን ደግሞ ይቅር፣ እኔም መታከሜ አይቅር።

ሌላዋ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ቆጣ ብላ «በቀን ስንት ሰው እንደምናይ ታውቃለህ?» አለችኝ። አውቃለሁ፣ ወረፋው ላይ እኔም አለሁ። ሰው እንደሚያንሳችሁ፣ ጓንት እንኳን አንዳንዴ እንደሚጠፋ አይቻለሁ። ግን ያን ቀን እኔን ሁለት ሰው አነሣ፣ አንድ ልጅ ሚዛኑ ላይ ግራ ገብቶት ቆመ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራዋን ትታ በር ጠበቀችልኝ። ስወጣ ደግሞ መልሶ እኔን ማውረድ አለ። ደረጃና ጠባብ በር የእናንተንም ሰዓት ነው የሚበሉት። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን ያሳመንኳት አይመስለኝም።

አዳራሹ ሲበተን አንዲት ሲስተር መጥታ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መቀመጧን ወደድኩት፣ አንገቴን ሳላንጋጥጥ አወራኋት። የሚሠሩበት ቦታ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዝቅ የሚልና ከፍ የሚል አልጋ እንዳለ ነገረችኝ፣ በእርዳታ የመጣ፣ ካርቶን ተደርድሮበት ዓመት አልፎታል። «ሰኞ አስወጣዋለሁ» አለችኝ። ስልኳን ተቀበልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ደወልኩ። ካርቶኑ ወርዷል። አልጋው ወጥቷል። ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እጀታ ግን የለም፣ አንዱ እግሩም ተሰብሯል። በያጅ ፈልገው አግኝተዋል፣ ሐሙስ እመጣለሁ ብሏል። ሐሙስ መልሼ እደውላለሁ።